ውሻና የመዋኛ ገንዳ፤ ከመግቢያው ይልቅ መውጫውን ማስተማር

«ውሻ ሁሉ ዋና ያውቃል» የሚለው አነጋገር በብዙ ሰው አፍ ይገኛል። አነጋገሩ ግማሹ እውነት ሲሆን ግማሹ ግን አደጋ ያለበት ነው። እውነት የሆነው፥ አብዛኛው ውሻ ውኃ ውስጥ ቢገባ አራት እግሩን እያንቀሳቀሰ ለጊዜው መንሳፈፉ ነው። አደጋ ያለበት ደግሞ፥ መንሳፈፍ የቻለ ሁሉ ከውኃው መውጣት ይችላል ብሎ ማሰብ ነው። ጥሩ ዋናተኛ የሆነ ውሻ እንኳ በቤት የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሰጥሞ ሊሞት ይችላል፤ ይኸውም መዋኘት ተስኖት ሳይሆን መውጫውን ሳያገኝ ኃይሉ ስለሚያልቅ ነው።

በአገራችን የቤት መዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ጥቂት መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም በአዲስ አበባ፥ በቢሾፍቱና በሐዋሳ ገንዳ ያላቸው መኖሪያ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያዎች ይገኛሉ፤ በነዚህም ግቢዎች ውስጥ የሚኖሩ ዘበኞች፥ አትክልተኞችና ልጆቻቸው ከገንዳው ጋራ አብረው ይኖራሉ። በአሜሪካና በሌላም አገር ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ገንዳና ውሻ በአንድ ግቢ ያሏቸው አሉ። ከዚህም በላይ ስለ ገንዳ የሚሰጠው ትምህርት ለውኃ ማጠራቀሚያና በፕላስቲክ ለተሸፈነ የመስኖ ኩሬ ጭምር ይሠራል፤ የነዚህም ጠርዝ እንደ ገንዳው ሁሉ የሚያንሸራትትና የገባውን እንስሳ ወይም ሕፃን በቀላሉ የማያስወጣ ነውና። ስለዚህ ነገሩ የጥቂት ባለሀብቶች ብቻ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ገንዳ ከወንዝ በምን ይለያል

ወንዝና ሐይቅ ብዙውን ጊዜ ቀስ በቀስ የሚጠልቅ ዳርቻ አላቸው። ውሻ ከዚያ ሲገባ እግሩ አፈር እየነካ ይገባል፤ ሲመለስም አፈር እየነካ ይወጣል። የቤት ገንዳ ግን ግድግዳው ቀጥ ብሎ የቆመና የለሰለሰ ነው፤ የውኃውም ወለል ከጠርዙ በታች ዝቅ ያለ ነው። ለሰው መውጫ የተሠራው የብረት መሰላል እጅ ላለው ፍጡር እንጂ ለውሻ መዳፍ አያገለግልም።

በድንገት የገባ ውሻ የሚያደርገው ነገር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ወደ ገባበት ቦታ ወይም ጌታው ወደ ቆመበት ጠርዝ ይመለሳል፤ የፊት እግሮቹን አንሥቶ ግድግዳውን በጥፍሩ ይቧጥጣል። ደረጃው ጥቂት ሜትር ርቆ በሌላው ማዕዘን ቢኖርም፥ ካላወቀው ዞሮ አይፈልገውም። በዚህ ዓይነት የደከመ ውሻ የኋላ አካሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ አፍንጫውም ከውኃው በታች ይሆናል። ይህ ሁሉ የቤቱ ሰው ሳይሰማ ሊፈጸም ይችላል።

የገንዳ መሸፈኛ ሸራም ሌላ ወጥመድ ነው። በውኃው ላይ የተንሳፈፈ ቀጭን ሸራ ለውሻ ደረቅ መሬት ይመስለዋል፤ ሲረግጠው ግን ተጠቅልሎበት ከሥር ያስቀረዋል። ለሕፃንም እንዲሁ ነው። ሸራ ማለት አጥር ማለት አይደለም።

ሁሉም ውሻ አንድ አይደለም

ላብራዶርና ኒውፋውንድላንድ የሚባሉት ዘሮች የዓሣ አጥማጆች ረዳት ሆነው የኖሩ በመሆናቸው በውኃ ውስጥ ብርቱዎች ናቸው። ፑድል የሚባለውም ባለ ጥቅል ጠጉር ውሻ በመጀመሪያ የተመለደው አዳኝ የጣለውን ወፍ ከውኃ እንዲያመጣ ነበር። በአንጻሩ እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉት ፊታቸው የተደፈጠጠ ውሾች አፍንጫቸውን ከውኃው በላይ ለመያዝ ራሳቸውን በጣም ቀና ማድረግ ስላለባቸው የኋላ አካላቸው ይሰጥማል፤ ትንፋሻቸውም አጭር ነው። እግራቸው አጭር ሆኖ አካላቸው የረዘመ ውሾችም ቶሎ ይደክማሉ። የአገራችን የቤት ጠባቂ ውሻ ብዙ ጊዜ ቀልጣፋና ጠንካራ ቢሆንም፥ ጥልቅ ውኃ ሳያይ ያደገ ከሆነ እንደ ጀማሪ መቈጠር ይገባዋል። ያረጀ፥ ዐይኑ የፈዘዘ፥ የልብ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ውሻና ትንሽ ቡችላ ደግሞ ያለ ሰው እጅ ፈጽሞ ወደ ውኃው አይቅረቡ።

መውጫውን ማስተማር

ለውሻ የመጀመሪያው ትምህርት እንዴት እንደሚገባ ሳይሆን በየት በኩል እንደሚወጣ ነው። ሥርዓቱም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ገንዳው ሰፋፊ ደረጃ ከሌለው ለውሻ የሚስማማ ተዳፋት መውጫ ይደረግለት። መውጫው የማያንሸራትት፥ ከጠርዙ ጋራ በጥብቅ የታሰረና የታችኛው ጫፉ ከውኃው ወለል በታች የሚደርስ መሆን አለበት፤ አለዚያ ውሻው ሊረግጠው አይችልም።

ሁለተኛ፥ በመውጫው አጠገብ ከውኃው ውስጥ ሆኖ በግልጽ የሚታይ ምልክት ይቀመጥ፤ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ወይም ከፍ ብሎ የተተከለ እንጨት ይበቃል። ምልክቱ ከቦታው አይነሣ፤ ውሻ መንገዱን የሚያስታውሰው በምልክት ነውና።

ሦስተኛ፥ ውሻውን በደረት ማሰሪያ ይዞ በራሱ በመውጫው ደረጃ በኩል ቀስ አድርጎ ማስገባት፥ እግሩ ገና መሬት እንደ ነካ ወዲያው አዙሮ ማስወጣትና በትንሽ ምግብ ማመስገን ያስፈልጋል። ይህም ብዙ ጊዜ ይደጋገም። ገመዱ በእጅ ይያዝ እንጂ ከምንም ነገር ጋራ አይታሰር።

አራተኛ፥ ውሻው ይህን ከለመደ በኋላ አንድ ሜትር፥ ቀጥሎም ሁለት ሜትር እያራቁ ወደ መውጫው እንዲመለስ ማድረግ ይገባል። በመጨረሻም ከገንዳው ከአራቱም አቅጣጫ ተነሥቶ ያለ ጥሪ መውጫውን የሚያገኝ መሆኑ ይፈተን። ትምህርቱ በአንድ ቀን አይጠናቀቅም፤ ውሻው ለብዙ ወራት ሳይዋኝ ከቆየም እንደገና መፈተን ይኖርበታል።

ውሻን አንሥቶ ወደ ውኃ መወርወር ትምህርት አይደለም። እንዲህ የተደረገበት እንስሳ የሚማረው ፍርሃትን ብቻ ሲሆን የፈራ ዋናተኛ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። ለጀማሪ ውሻ በጀርባው ላይ መያዣ ያለው የሚያንሳፍፍ ሰደርያ ማልበስ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ሰደርያው የሰውን ጥበቃ አይተካም።

በሚዋኝበት ጊዜ

ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ውሻ «ደከመኝ» ብሎ አይናገርም፤ የኋላ አካሉ ዝቅ ካለ፥ በፊት እግሩ ውኃውን በኃይል የሚመታ ከሆነና ዐይኑ ከፈጠጠ ድካሙን መናገሩ ነው። በዚያን ጊዜ ወዲያው ይውጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት በመሆንዋ ያልሞቀ የገንዳ ውኃ በፀሐይ ቀን እንኳ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። የሚንቀጠቀጥ ውሻ ወጥቶ በፎጣ መድረቅ አለበት።

ኳስ ወይም ዱላ ደጋግሞ እንዲያመጣ የሚደረግ ውሻ አፉን ከፍቶ ስለሚዋኝ ብዙ ውኃ ይውጣል። ከመጠን ያለፈ ውኃ በደሙ ውስጥ ያለውን ጨው ያሳንሰዋል። ውሻው ሆዱ ከተነፋ፥ ካስመለሰው፥ ልጋጉ ከበዛና እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ብርቱ አደጋ ደርሶበታልና ሳይዘገይ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። ይህን ለመከላከል ጨዋታው ዕረፍት ይኑረው፤ የሚጠጣውም ንጹሕ ውኃ በሳሕን ሆኖ በገንዳው አጠገብ ይቀመጥለት።

ሕፃናትና ውሻ በአንድ ጊዜ እንዲዋኙ መፍቀድ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የደከመ ውሻ ያገኘውን ተንሳፋፊ ነገር ሁሉ ለመውጣት ይሞክራል፤ ያ ነገር የልጅ ትከሻ ወይም ራስ ሊሆን ይችላል። የሚወድደውን ልጅ ሳያስበው በጥፍሩ ይቧጥጠዋል፤ ከውኃው በታችም ሊያሰጥመው ይችላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ሰጥመው ሞተዋል፤ ከነዚህም ወደ አንድ አራተኛ የሚጠጉት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ አንድ ዐዋቂ ሰው ሌላ ሥራ ሳይዝ፥ ስልክም ሳይመለከት፥ ዐይኑን ከውኃው ላይ ሳያነሣ ሊቀመጥ ይገባዋል።

ውሻው ከወጣ በኋላ ገላው በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ፤ በጠጉሩ ላይ የቀረ ክሎሪን ቆዳውን ያደርቀዋልና፥ ሲልሰውም ወደ ሆዱ ይገባል። ጆሮው፥ በተለይ የተንጠለጠለ ጆሮ ያለው እንደ ሆነ፥ በጥንቃቄ ይድረቅ። በእርጥብ ጆሮ ውስጥ ተሐዋስያን ይራባሉ፤ ራሱን የሚነቀንቅና ጆሮውን የሚያክክ ውሻ ለሐኪም መታየት አለበት።

ውኃው ለሰው ንጹሕ ሆኖ እንዲቆይ

ክሎሪንን ያለማቋረጥ እየጨመሩ ለከተማ የሚታደል ውኃን ማጽዳት በአሜሪካ በጀርሲ ሲቲ በ1908 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ከተጀመረ ወዲህ፥ ይህ መድኃኒት የብዙ ሕዝብ ሕይወት አድኗል። ክሎሪን ግን ተሐዋስያንን ብቻ ለይቶ አይመታም፤ ያገኘውን እድፍ ሁሉ ሲያቃጥል ራሱ ያልቃል። ውሻ ከሰው ይልቅ ብዙ ጠጉር፥ አፈርና ምራቅ ይዞ ስለሚገባ ክሎሪኑን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ጠጉሩም ማጣሪያውን ይደፍነዋል። በመሆኑም ውሻው ከመግባቱ በፊት ይበጠርና ይታጠብ፤ ከወጣም በኋላ ማጣሪያው ይጽዳ፥ ውኃውም ይለካ።

በውኃው ውስጥ ያልተነካ ክሎሪን በአንድ ሊትር ቢያንስ 1 ሚሊግራም መሆን አለበት፤ ከፀሐይ የሚከላከል ሲያኑሪክ አሲድ የሚባለው ቅመም የተጨመረበት እንደ ሆነ ግን ቢያንስ 2 ሚሊግራም ያስፈልጋል። የኮምጣጣነቱ መለኪያ፥ ማለት ፒኤች፥ ከ7.2 እስከ 7.8 ይሁን። ብዙ ሰው ኃይለኛ የክሎሪን ሽታ ሲሸተው «ውኃው እጅግ ንጹሕ ነው» ይላል። ነገሩ ግን ብዙውን ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ ያ ሽታ ክሎሪኑ ከሽንት፥ ከላብና ከእድፍ ጋራ ሲቀላቀል የሚፈጠር ነው።

መምህራን ይህን ለሒሳብ ትምህርት ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ስፋቱ 5 ሜትር፥ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 75 ሜትር ኩብ ወይም 75,000 ሊትር ውኃ ይይዛል። በየሊትሩ 1 ሚሊግራም ለመጨመር 75 ግራም ክሎሪን ያስፈልጋል። ዱቄቱ በመቶ 65 ክሎሪን ያለው ከሆነ 115 ግራም ያህል፥ በመቶ 5 ክሎሪን ያለው በረኪና ከሆነ ደግሞ 1 ሊትር ተኩል ይሆናል ማለት ነው። ዱቄቱ በባልዲ ውኃ ላይ ይጨመር እንጂ ውኃው በዱቄቱ ላይ አይፍሰስ። ክሎሪንና አሲድ ፈጽሞ አይቀላቀሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። መድኃኒቱም ከልጅና ከውሻ ርቆ ይቈለፍበት፤ ከተጨመረም በኋላ ውኃው ተለክቶ ልኩ ሳይረጋገጥ ማንም አይግባ።

የክሎሪን ኃይል ወሰን እንዳለው ማወቅም ይጠቅማል። በአንድ ሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን ባለበት፥ ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ውኃ ውስጥ፥ ኢ. ኮላይ የሚባለው የተቅማጥ ተሐዋሲ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሞታል፤ ጃርዲያ 45 ደቂቃ ያህል ይቆያል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ግን ከ10 ቀን በላይ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ተቅማጥ የያዘው ውሻም ሆነ ሰው ወደ ገንዳው አይግባ። ውሻ በውኃው ውስጥ ደረቅ ዓይነ ምድር ቢጥል፥ ሰው ሁሉ ይውጣ፤ እድፉ በመረብ ይነሣ፤ ክሎሪኑ ወደ 2 ሚሊግራም ከፍ ይበል፤ ፒኤቹም ከ7.5 ሳይበልጥ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠበቅ።

ስለ ትልና ስለ እብድ ውሻ በሽታ

ክሎሪን ከውሻ የሚመጡትን የአንዳንድ ትሎች እንቍላል አይገድልም። ከነዚህ አንዱ ውሻ ጥሬ የበግ ወይም የከብት ሳንባና ጉበት ሲበላ የሚይዘው ትንሽ የኮሶ ዓይነት ነው። እንቍላሉ በውሻው ጠጉር ላይ ተጣብቆ ወደ ሰው አፍ ሲደርስ፥ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ለዓመታት ያድጋል። መከላከያው ቀላል ነው፤ በእርድ ቀን ብልሽት ያለበትን የሆድ ዕቃ ለውሻ ከመጣል ይልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል፥ ውሻውንም በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል የሚባለውን የትል መድኃኒት መስጠት፥ ውሻ ከነኩ በኋላም እጅን በሳሙና መታጠብ ነው።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ አንድ የቆየ ስሕተት መታረም አለበት። ሰዎች ይህን በሽታ ከውኃ ፍርሃት ጋራ ስለሚያያይዙት «ውኃ የሚገባ ውሻ ጤነኛ ነው» ብለው ያምናሉ። ውኃ መፍራት በታመመ ሰው ላይ የሚታይ ምልክት ነው፤ ለመዋጥ ሲሞክር ጉሮሮው በኃይል ስለሚኮማተር ነው። በውሻ ላይ ግን ይህ ምልክት አይጠበቅም፤ ያበደ ውሻ ውኃ ሊጠጣ፥ ወንዝም በዋና ሊሻገር ይችላል። የውሻ ጤንነት የሚታወቀው በመዋኘቱ ሳይሆን በክትባት ወረቀቱ ነው። ክትባቱ ያልታደሰ፥ ወይም ማን እንደሆነ የማይታወቅ የመንገድ ውሻ ወደ ገንዳው አይቅረብ። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ድርጅት ይሂድ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው እጅግ ብርቅ ነውና የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

የሰጠመ ውሻ ሲገኝ

ውሻው እንደ ወጣ ይተነፍስ እንደ ሆነ ይታይ። የማይተነፍስ ከሆነ አፉ ከቆሻሻ ይጠረግ፤ ውኃ ለማውጣት ብሎ ዘቅዝቆ በማንጠልጠል ጊዜ አይባክን። በጎኑ አስተኝቶ አንገቱን ማቅናት፥ አፉን በእጅ ገጥሞ በአፍንጫው በኩል ደረቱ እስኪነሣ ድረስ መተንፈስ ያስፈልጋል። የልቡም ምት የማይሰማ ከሆነ፥ የደረቱን ሰፊ ክፍል በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በሚሆን ፍጥነት መጫን፥ ከየ30ው ጭነት በኋላም ሁለት ጊዜ መተንፈስ ይገባል። ውሻው ነቅቶ ቢቆምም እንኳ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት፤ ወደ ሳንባው የገባው ውኃ ጉዳቱን ከሰዓታት በኋላ ሊያሳይ ይችላልና።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚመጣው አጥር ነው። ገንዳው ከቤቱም ከግቢውም ተለይቶ በአራቱም ጎን ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር ከፍታ ባለው አጥር ይከበብ፤ በሩ ራሱ የሚዘጋ፥ መቀርቀሪያውም ከሕፃን እጅ በላይ ይሁን። ይህ አጥር ሌሊት ለሚዞረው ጠባቂ ውሻና ቀን ለሚሮጠው ሕፃን እኩል ያገለግላል። ለመዋኛ ገንዳ ብዙ ገንዘብ ያወጣ ሰው ለአጥሩ መሰሰት አይገባውም።

መምህራን ሆይ፥ በክፍላችሁ ካሉት ተማሪዎች መካከል ገንዳ ያለበት ግቢ የሚኖር ልጅ ጥቂት ይሆን ይሆናል። ነገር ግን ጕድጓድ፥ ማጠራቀሚያ፥ ኩሬ ወይም ሐይቅ የማያይ ልጅ የለም፤ ውሻ የሌለበት ሰፈርም የለም። «በዚህ ውኃ ውስጥ ድንገት ብትገቡ በየት በኩል ትወጣላችሁ? ከብታችሁ ወይም ውሻችሁስ በየት ይወጣል?» ብላችሁ ጠይቋቸው፤ መልስ የሌለው ውኃ ካለም የቤቱ ሰው አጥር እንዲያጥርበት፥ መውጫም እንዲያበጅለት ንገሩት። መውጫው ሳይታወቅ ወደ ውኃ አይገባም፤ ይህ ደንብ ለእንስሳም ለሰውም አንድ ነው።